በዲሳቢሊቲ እየኖሩ ከእጅ ሥራ ጥቂት ዶላር ማግኘት፦ ከደብተሬ የወጣ መመሪያ

በገና ባዛር ላይ፣ የቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ውስጥ ጠረጴዛዬን ዘርግቼ ተቀምጫለሁ። ጠረጴዛው ላይ በኪሮሽ የሠራኋቸው ነጫጭ የክርስትና ኮፍያዎች፣ ካልሲዎችና ሁለት የሶፋ ዳንቴሎች አሉ። አንድ እናት ኮፍያውን አንሥተው ገለበጡት። ጠርዙን በጥፍራቸው ጫር ጫር አደረጉት። ከዚያ ጎንበስ ብለው ጆሮዬ ላይ፣

«ልጄ፣ አንቺ ኤስኤስአይ አይደለሽም እንዴ?»

«ነኝ፣ እማማ።»

«ታዲያ እንዲህ በአደባባይ? ቼክሽን ይቆርጡብሻልኮ!»

እማማ ግማሽ እውነት አላቸው። ቼኩ ሊቀንስ ይችላል። ግን በእኔ መጠን ለሚሸጥ ሰው አይቆረጥም። ሕጉ ራሱ «ሞክሩ» የሚል ቦታ ትቷል። እኔ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት እንደ እማማ እያሰብኩ በድብቅ ሸጥኩ። ከዚያ ደብዳቤ መጣ፤ «ያላግባብ የተከፈለሽን መልሺ» የሚል። ጥፋቱ የኔው ነበር። ቢያስፈራኝም ያስተማረኝ እሱ ነው። እዚህ የምጽፈው አሜሪካ ለምንኖር፣ በአካል ጉዳት ወይም በሕመም ምክንያት የመንግሥት ቼክ ለምንቀበል ነው። የማነሣቸው ቁጥሮች የ2026 ናቸው። አብዛኞቹ በየጃንዋሪው ስለሚቀየሩ አዲስ ዓመት ሲገባ አዲሱን እዩ።

1. የምትቀበሉት የትኛው እንደሆነ እወቁ

ሁላችንም «ዲሳቢሊቲ» ነው የምንለው። ነገር ግን ሁለት የተለያዩ ገንዘቦች ናቸው፤ ሕጋቸውም አይገናኝም። ጓደኛችሁ «እኔ ምንም አልነኩኝም» ብትል የእሷ ሌላኛው ሊሆን ይችላል። አብዛኛው የተሳሳተ ምክር የሚመጣው ከዚህ ነው።

ኤስኤስአይ ገቢውና ንብረቱ ጥቂት ለሆነ ሰው የሚሰጥ ነው። ለአንድ ሰው ከፌደራል እስከ 994 ዶላር በወር ነው። ኤስኤስዲአይ ደግሞ ድሮ ሠርታችሁ ከደመወዛችሁ ከተቆረጠው የሶሻል ሴኩሪቲ ታክስ የሚመጣ ነው፤ መጠኑም እንደየሰው ሥራ ታሪክ ይለያያል።

መለያው ቀላል ነው። ገንዘቡ ባንክ የሚገባበትን ቀን እዩ። በወሩ 1ኛ ቀን ከገባ ኤስኤስአይ ነው። እንደ ልደታችሁ ቀን በአንዱ ረቡዕ ከገባ ኤስኤስዲአይ ነው። በ1ኛው ቀን አንድ፣ በ3ኛው ደግሞ ሌላ የሚገባላችሁ ከሆነ ሁለቱንም እየተቀበላችሁ ነው። 1ኛው ቀን ቅዳሜና እሑድ ወይም በዓል ላይ ከዋለ ቀደም ብሎ ይገባል፤ ያ እንዳያሳስታችሁ።

አሁንም ካልተለየላችሁ ሁለቱንም ወደሚከፍለው መሥሪያ ቤት፣ ወደ ሶሻል ሴኩሪቲ ደውላችሁ «ቢፒኪውዋይ እፈልጋለሁ» በሉ። ምን እንደምትቀበሉ፣ የሙከራ ወራት (ቁጥር 5 ላይ አለ) ተጠቅማችሁ እንደሆነ፣ የጤና መድኅናችሁ ምን እንደሆነ አንድ ላይ ጽፈው የሚልኩላችሁ ወረቀት ነው። ነጻ ነው። ስልኩ 1-800-772-1213 ነው። እንግሊዝኛ ካስቸገራችሁ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ እሱም ነጻ ነው። የጎረቤት ልጅ እንዲተረጉምላችሁ አትለምኑ። አሥራ አራት ዓመት ልጅ «የተጣራ ገቢ»ን እንዴት አድርጎ ይተረጉመዋል?

2. ማሳለፊያ ነው ወይስ ሥራ? ለራሳችሁ መልሱ

ቤት ያለውን አሮጌ ቴሌቪዥን ወይም ያገለገለ ቀሚስ መሸጥ ለኤስኤስአይ ገቢ አይደለም። የነበረ ንብረት ወደ ጥሬ ገንዘብ መለወጥ ነው። ገንዘቡ ግን ወሩ ሲገባ በእጃችሁ ካለ እንደ ንብረት ይቆጠራል።

ሠርታችሁ የምትሸጡት ሌላ ነገር ነው። ታክሱ ላይ የታክስ መሥሪያ ቤቱ አይአርኤስ ማሳለፊያንና ንግድን ይለያል። ማሳለፊያ ከሆነ ያገኛችሁትን ታስመዘግባላችሁ፤ የክሩን ዋጋ ግን መቀነስ አትችሉም። ንግድ ከሆነ ስኬጁል ሲ በሚባለው ቅጽ ወጪያችሁን ትቀንሳላችሁ፤ የተጣራው ትርፍ በዓመት 400 ዶላር ከደረሰ ደግሞ የራስ ሥራ ታክስ ትከፍላላችሁ።

የኔ አስተያየት፦ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ለወዳጅ የምትሸጡ ካልሆነ በስተቀር እንደ ንግድ ያዙት። ክሩ ውድ ነው። ወጪው ካልተቀነሰ ያላተረፋችሁትን እንዳተረፋችሁ ይቆጠርባችኋል። ሌላም ጥቅም አለው። ለንግዱ የምትጠቀሙበት ዕቃ፣ የልብስ ስፌት መኪናውም፣ ቁም ሳጥን የሞላው ክርም፣ ኤስኤስአይ ንብረታችሁን ሲቆጥር ውስጥ አይገባም።

3. ደብተር ግዙ

አፕ አትፈልጉ። ባለ 96 ገጽ ደብተር ይበቃል። የኔን አንድ ገጽ ላሳያችሁ። አምስት ዓምድ አለው፦ ቀን፣ የገባ፣ የወጣ፣ ሰዓት፣ ማስታወሻ። ከባዛሩ ዕለት የተጻፈው እንዲህ ይላል (ዜል በስልክ ገንዘብ መላኪያው ነው)፦

«የክርስትና ኮፍያና ካልሲ፣ 1፣ በዜል 35 ዶላር። የጠረጴዛ ኪራይ 40 ዶላር፣ ደረሰኝ አለ። 4 ሰዓት ተቀመጥኩ፤ በየ30 ደቂቃው ተነሥቻለሁ። ዕቃውን የተሸከመችውና የዘረጋችው ልጄ ናት፣ ሳይከፈላት።»

የመጨረሻው መስመር ትርፍ ወሬ ይመስላል። አይደለም። ኤስኤስዲአይ ላይ ያለ ሰው ሥራ ሲመዘን ልጅ ወይም የትዳር ጓደኛ በነጻ የረዳችሁ እገዛ በገንዘብ ተተምኖ ከትርፋችሁ ሊቀነስ ይችላል። በሕመማችሁ ምክንያት ለሥራው ስትሉ ከኪሳችሁ የምታወጡት፣ ለምሳሌ መድኃኒት ወይም ልዩ ወንበር፣ እሱም ሊቀነስ ይችላል። ካልተጻፈ ግን ማን ያስታውሳል? በሦስተኛው ዓመት «ያን ዕለት ማን ተሸከመልሽ?» ብትባሉ ምን ትላላችሁ?

ደረሰኞቹን በፖስታ ውስጥ በወር በወር ክተቱ። የሱቅ ደረሰኝ ቀለሙ ይጠፋል፤ በስልክ ፎቶ አንሡት።

ኢትሲ በሚባለው የእጅ ሥራ መሸጫ ድረ ገጽ ላይ የምትሸጡ ከሆነ ክፍያዎቻቸውን አትርሱ። ለእያንዳንዱ ዕቃ ማስቀመጫ 20 ሳንቲም፣ ከሽያጩ 6.5 በመቶ፣ ለክፍያ ማስተላለፊያ ደግሞ 3 በመቶና 25 ሳንቲም ይወስዳሉ። ትንሽ ይመስላል፤ ዓመቱ ሲያልቅ ግን የሚቀነስ ወጪ ነው።

ይህን ደግሞ አስምሩበት። ገዢ በዜል ሲልክ «ስጦታ» ብሎ እንዳይጽፍ። ሰዎች እኛን የጠቀሙ እየመሰላቸው ነው የሚጽፉት። ለኤስኤስአይ ስጦታ ያልተሠራበት ገቢ ነው። ከእሱ ላይ በአብዛኛው የሚታለፈው በወር 20 ዶላር ነው፤ የቀረው ዶላር በዶላር ከቼካችሁ ይወርዳል። የሠራችሁበት ገንዘብ ግን፣ ቀጥሎ እንደምታዩት፣ ይሻላል።

4. ለኤስኤስአይ ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩ

ሒሳቡ ይህ ነው። ከወሩ የሥራ ገቢ መጀመሪያ 20 ዶላር፣ ቀጥሎ 65 ዶላር ይታለፋል። ከሚቀረው ግማሹ ብቻ ከቼኩ ይቀነሳል። ኤስኤስዲአይ ወይም ሌላ ያልተሠራበት ገቢ ካላችሁ ሃያዋ ዶላር እዚያ ስለምትሄድ ሥራው ላይ 65ቷ ብቻ ትቀራለች።

ለራሱ የሚሠራ ሰው ወር በወር አይሰላለትም። የዓመቱ የተጣራ ትርፍ ለ12 ይካፈላል። ሙሉውን በገናና በፋሲካ ብትሸጡትም፣ ሥራውን በሐምሌ ብትጀምሩትም ያው ነው። ይህን ሳላውቅ ታኅሣሥ በመጣ ቁጥር ልቤ ይመታ ነበር። «በአንድ ወር 900 ዶላር ሸጥኩ፣ አለቀልኝ» እያልኩ።

በምሳሌ እንየው። በዓመቱ 3,120 ዶላር ሸጣችሁ እንበል። ለክር 430፣ ለኢትሲ 170፣ ለፖስታ 180፣ ለጠረጴዛ ኪራይ 120 አወጣችሁ። ወጪው 900 ነው። የተጣራው 2,220 ይሆናል። ለ12 ሲካፈል በወር 185 ነው። ከዚህ 85 ሲታለፍ 100 ይቀራል። ግማሹ 50። ስለዚህ 994 የነበረው ቼክ 944 ይሆናል፤ 185ቱ ሲደመርበት በወር 1,129 ዶላር እጃችሁ ገባ ማለት ነው። በእውነተኛው ስሌት ሶሻል ሴኩሪቲ ከትርፉ ላይ ለታክስ ትንሽ ቀንሶ ስለሚጀምር የሚወርደው ከ50ም ያነሰ ይሆናል። እኔ ለማቅለል ትቼዋለሁ።

ነገሩን ማሳመር አልፈልግም። የራስ ሥራ ታክሱ አለ። በ2,220 ትርፍ ላይ 314 ዶላር ገደማ ነው። ከቼኩ የሚወርደው በዓመት 600 ነው። ሁሉም ተቀንሶ ከ2,220ው 1,300 ገደማ ይቀራችኋል። ለአንድ ኮፍያ አምስት ሰዓት ለምትቀመጥ ሴት ይህ ደመወዝ አይባልም። ለኔ ግን የመብራትና የስልክ ነው፤ ለሰው እጄን አልዘረጋበትም። ታክሱም ባዶ አይደለም፦ ወደ ሶሻል ሴኩሪቲ መዝገባችሁ የሚገባ ነው፤ ታክስ የተከፈለበት ገቢ 1,890 ዶላር በሞላ ቁጥር አንድ የሥራ ነጥብ ይቆጠራል፣ በዓመት እስከ አራት።

ከሽያጩ ላይ ከአምስት አንዱን ለብቻው አስቀምጡ። የታክስ ጊዜው፣ ኤፕሪል፣ ሲመጣ አትደነግጡም።

5. ኤስኤስዲአይ ከሆነ ሰዓታችሁን ቁጠሩ

እዚህ ቼኩ በጥቂት በጥቂቱ አይቀነስም። ወይ ሙሉ ነው፣ ወይ የለም። ስለዚህ መስመሮቹን ማወቅ ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ የሙከራ ወራት አሉ፤ ዘጠኝ ናቸው፤ በ60 ወር ውስጥ የሚቆጠሩ። በእነዚህ ወራት የፈለጋችሁትን ብታገኙ ቼኩ ሙሉ ነው። ለራሱ የሚሠራ ሰው አንድ ወር «ሞከረ» የሚባለው ትርፉ ከ1,210 ዶላር ሲያልፍ ነው፤ ወይም በንግዱ ላይ ከ80 ሰዓት በላይ ሲሠራ።

«ወይም» የምትለዋ ቃል ብዙ ሰው ታመልጠዋለች። ዳንቴል ቀስ ብሎ የሚሄድ ሥራ ነው። ቴሌቪዥን እያያችሁ በቀን ሦስት ሰዓት ለሽያጭ ብትሠሩ በወር 90 ሰዓት ነው። ትርፉ 100 ዶላር ቢሆንም አንድ የሙከራ ወር ተበላ። ደብተሬ ላይ የሰዓት ዓምድ ያለው ለዚህ ነው፤ ኤስኤስዲአይ ላይ ላለችው እህቴ ስል የጨመርኩት ነው። ለልጅ ልጅ ስጦታ የምትሠሩትን ለብቻ፣ ለገበያ የምትሠሩትን ለብቻ ጻፉ። ሁለተኛው ነው የሚቆጠረው።

ዘጠኙ ወር ካለቀ በኋላ የሚታየው መስመር በወር 1,690 ዶላር ነው፤ ለዓይነ ስውር 2,830። ከዚያ በኋላ ባሉት 36 ወራት ከመስመሩ በታች ባገኛችሁበት ወር ቼኩ ይመጣል። ለራስ ሥራ ግን ብሩን ብቻ አያዩም። ኤስኤስዲአይ መቀበል ከጀመራችሁ ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላችሁ ከሆነ በንግዱ ውስጥ ድርሻችሁ ምን ያህል ነው፣ የምትሠሩት ጤነኛ ሰው ከሚሠራው ጋር ይመሳሰላል ወይ ብለው ይመዝናሉ። ከ24 ወር በላይ የተቀበለ ሰው ግን መሥራቱ ብቻውን የጤና ምርመራውን አያስነሣበትም።

6. ተናገሩ፣ ቀኑ ሳያልፍ

ኤስኤስአይ ከሆናችሁ ለውጡ በተፈጠረበት ወር ቀጥሎ ባለው ወር እስከ 10ኛው ቀን ማሳወቅ አለባችሁ። ኖቬምበር ላይ መሸጥ ከጀመራችሁ እስከ ዲሴምበር 10። ካዘገያችሁ ከቼኩ ቅጣት አለ፦ መጀመሪያ 25 ዶላር፣ ቀጥሎ 50፣ ከዚያ 100። ኤስኤስዲአይ ከሆነም መሥራት እንደጀመራችሁ ንገሩ።

ደመወዝተኛ የሚጠቀምበት የስልክ አፕ ለእኛ አይሆንም። ቢሮ ሂዱ ወይም ደውሉ። «በቤቴ የእጅ ሥራ እየሸጥኩ ነው፣ በዓመት ይህን ያህል አተርፋለሁ ብዬ እገምታለሁ» በሉ። ግምቱን ይዘው ቼኩን ያስተካክላሉ። ዓመቱ ሲያልቅ የታክስ ወረቀታችሁን ይዛችሁ ትሄዱና ከእውነተኛው ጋር ይታረማል። ግምቱን ትንሽ ከፍ አድርጉት፤ ኋላ ገንዘብ መልሱ ከመባል ኋላ ቀሪውን መቀበል ይሻላል። ኤስኤስኤ-820 የሚባል ቅጽ ሊሰጧችሁ ይችላል፤ ለራሱ ለሚሠራ ሰው የተዘጋጀ ነው። ደብተራችሁ ካለ በአንድ ከሰዓት ይሞላል።

ከመስኮቱ ስትነሡ «አሳውቄያለሁ» የሚል ደረሰኝ ጠይቁ። በፖስታ ከላካችሁ ኮፒ አስቀሩ። በስልክ ከሆነ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ያነጋገራችሁን ሰው ስም ደብተሩ ላይ ጻፉ።

ለፉድ ስታምፕ ቢሮና ለቤት ኪራይ ድጋፍ ሰጪው ለየብቻ መናገር አለባችሁ። አንዱ ለሌላው ይነግርልኛል ብላችሁ አትቀመጡ። ስለ ጤና መድኅኑ፣ ስለ ሜዲኬይድ፣ ግን በዚህ መጠን ሽያጭ እንቅልፍ አትጡ። ኤስኤስአዩ በሥራ ገቢ ምክንያት ዜሮ ቢሆን እንኳ ሜዲኬይዱ የሚቀጥልበት ሕግ አለ፤ ገቢው እስከ የየስቴቱ ጣሪያ ድረስ ነው።

7. የሁለት ሺሕ ዶላሩ ጉዳይ

ይህ ኤስኤስአይ ብቻ ላይ ነው። አንድ ሰው ሊኖረው የሚችለው የሚቆጠር ንብረት 2,000 ዶላር፣ ባልና ሚስት 3,000 ነው። የሚታየው ወሩ በገባበት ቅጽበት ያላችሁ ነው።

እኛን የሚያጠምደን ዕቁብ ነው። ስድስት ወር የጣላችሁበት ዕጣ ይወጣላችኋል፤ 3,000 ዶላር ባንክ ታስገባላችሁ፤ ወሩ በላዩ ላይ ይገባል። ለዚያ ወር ኤስኤስአይ የማይገባችሁ ሆናችሁ። ዕጣው ሲደርስ ለምን እንደምታውሉት ቀድማችሁ አስቡ፤ የተዘገየ ኪራይ፣ ምንጣፍ፣ የጥርስ ሕክምና። ደረሰኙን ያዙ።

«ታዲያ ለእናቴ ጎንደር ልላከውና ልገላገል» የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ከመስመሩ ለመውረድ ብሎ ገንዘብን ዝም ብሎ መስጠት ራሱ ያስቀጣል፤ ኤስኤስአይ እስከ 36 ወር ሊያስቆም ይችላል። ለእናት ከወር ወጪያችሁ ቆጥባችሁ የምትልኩት ትንሽ ብር ሌላ ነገር ነው።

መውጫ መንገድ አለ። ጉዳቱ ወይም ሕመሙ ከ46 ዓመት በፊት የጀመረ ሰው ኤብል የሚባል የቁጠባ ሒሳብ መክፈት ይችላል። ድሮ ገደቡ 26 ዓመት ነበር፤ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ነው ከፍ ያለው። በውስጡ ያለው እስከ 100,000 ዶላር ለኤስኤስአይ አይቆጠርም። «አይሆንልሽም» ተብላችሁ የነበራችሁ አሁን እንደገና ጠይቁ።

8. ደብዳቤው ከመጣ

በእኔ ላይ እንደመጣው «መልሺ» የሚል ከመጣ መሳቢያ ውስጥ አትክተቱት። እኔ ሦስት ሳምንት ደብቄው ነበር። ስህተት ነው ካላችሁ በ60 ቀን ውስጥ ይግባኝ ትላላችሁ። ገንዘቡ ልክ ነው፣ ግን ጥፋቱ የኔ አይደለም፣ መክፈልም አልችልም ካላችሁ ኤስኤስኤ-632 በሚባለው ቅጽ ዕዳው እንዲቀርላችሁ ይቅርታ ትጠይቃላችሁ፤ ለዚህ የጊዜ ገደብ የለም። እኔ ጥፋተኛ ስለነበርኩ ይቅርታ አልጠየቅሁም፤ በየወሩ በትንሹ እንዲቀነስ ተስማማሁ።

ስለ ሥራና ቼክ የሚያማክር ነጻ መስመርም አለ፤ የቲኬት ቱ ወርክ ስልክ 1-866-968-7842 ነው። ከመደወላችሁ በፊት ደብተሩን ክፈቱና አጠገባችሁ አድርጉ፤ የመጀመሪያው ጥያቄ «በወር ስንት ታተርፋላችሁ?» ነው።

እማማ ያን ዕለት ኮፍያውን ገዙት። ለልጅ ልጃቸው ነው። ሠላሳ አምስቷን በዜል ሊልኩ ስልካቸውን ለልጄ ሰጧትና፣ «ምን ብዬ ልጻፍ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ኮፍያና ካልሲ» አልኳት።